ሥጋ ያልገባበት ድስት

እኔ ቁጭ ብዬ መዋል የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ከሆዴም የወጣችው ቸኩላ ነው» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ የአውቶቡስ ክላክስ ከሰማሁ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ አረፍ በይ እንጂ፣ ያንቺ አውቶቡስ ካለፈ ስንት ዘመኑ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ ጠብቀው አያውቁም።

ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የታላቅ ወንድሜና የኔ ነው ይባላል፤ ይባላል እንጂ እሱ ባለቤት፣ እኔ ነዋሪ ነበርን። ወንድሜ ገለምሶ የሚኖር ቡና ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ነገር አንዴ ከተናገረ አበቃ።

ከተማዋ ያኔ ዳዴ እያለች ነበር። የሣሩ ክዳን እየወረደ ቆርቆሮ ይወጣል። የናፍጣ ወፍጮ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ዱክ ዱክ ሲል ይውላል። ዐረቡ ባለሱቅ አንድ በር አልበቃው ብሎ ሁለተኛ በር አስከፈተ። ከገለምሶ ቡና፣ ከመሰላ ማሽላ፣ ከየተራራው ጫት ይመጣል። ይህ ሁሉ ዕቃ ማደሪያ ይፈልጋልና፣ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ሁሉ «ለምን መጋዘን አታደርገውም?» ይባላል። ወንድሜም ተብሏል። አንድ ቀን መጥቶ በረንዳዬ ላይ ቆመና አግዳሚ ወንበሮቼን አያቸው። ባዶ ነበሩ።

«እስከ ፋሲካ አይሻለሁ» አለኝ። «ቤቱ ሥራ ከያዘ ያንቺ ነው፣ አልደርስብሽም። ባዶውን ከቆየኝ ግን ቡና ይገባበታል፤ አንቺም ገለምሶ መጥተሽ ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ።»

ገለምሶን አልጠላም። ግን በወንድሜ ሚስት ጓዳ «እስቲ ሽንኩርት ልላጥልሽ?» እያልኩ ልኑር? ሞቼ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላረፈም። ጠዋት በረንዳ፣ ቀትር በረንዳ፣ ማታ በረንዳ፤ መንገዱን አያለሁ። ሰው በመንገዱ ላይ እየበዛ ነው፣ እኔ ጋ ግን አይገባም።

ዓይኔ የነበረው አውቶቡሱ ላይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከሐረር የሚነሣው አውቶቡስ ለምሳ ሰዓት እኛ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል፣ በአሰቦት በረሃ አድርጎ ማታ አዋሽ ይገባል። ሾፌር ማለት ያኔ ትንሽ ጌታ ነው። እሱ የሚቆምበት ቤት ይከብራል፣ የማይቆምበት ይዘጋል። የሚበላውም በነፃ ነው፤ ሾፌር ሲከፍል ያየ ሰው የለም። ይሄኛው ደግሞ ድምፁ ጎርናና፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል ሰው ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ዘወር ሲል «አንተ» ነው።

«እኔ ቤት ቢያቆሙ ምን አለበት?» ብዬ ለመንኩት።

«እኔ መች ምግብ አጣሁ? ሰው ነው የሚጠፋብኝ!» አለ። «ክርስቲያኑ የክርስቲያን ሥጋ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ እስላሙ የእስላም ሥጋ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ። ክላክስ እያደረግሁ ስለቅማቸው ፀሐይ ይዞርብኛል። ከእንግዲህ ሂርና አብልቼ እዚህ ሳልቆም ማለፌ ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። እኛ እስላም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ባንድ አውቶቡስ ተጨናንቀው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ እያንቀላፋ መጥተው፣ ለምሳ ሲሆን ለሁለት ይከፈላሉ። እንዲህ ሆኖ የኖረ ስለሆነ ማንም «ለምን?» አይልም። እኔም ያን ቀን «ለምን» አላልኩም። ያልኩት «ታዲያ ሁለቱም እዚህ ቢሆን?» ነው።

አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ እስላም ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከኔ ጥቂት ከፍ የምትል፣ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ ሴት። ለጫት ነጋዴዎች ሩዝና የፍየል ሥጋ ትሸጥ ነበር፤ ሙያዋን የማያወራ የለም። እሷም እንደኔው ጉድጓድ ውስጥ ነበረች፤ ቤቷ ከመንገድ ገባ ያለ ነውና ጥቂት ነጋዴ ካልሆነ መንገደኛ አያያትም። በአጥሩ ቀዳዳ አንገቴን አስገብቼ «አጥሩን እናፍርሰው!» አልኳት።

«ያ ኢንተላ! አበድሽ?» አለችኝ። ኢንተላ ማለት ልጅ ማለት ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ ልጅ እንዳለችኝ ነው የኖረችው።

አላበድኩም። ለሁለት የሚከፈለውን ሰው ባንድ ግቢ እንክፈለው ነው ያልኩት። ባንድ ቀን አጥሩን በሰው ቁመት ልክ ከፈትነው። በግራ የኔ ጓዳ፣ በቀኝ የሷ ጓዳ። የኔ አራጅ ሌላ፣ የሷ አራጅ ሌላ። የኔ ሳህን ጠርዙ ሰማያዊ፣ የሷ አበባ ያለበት፤ ቢላ ለብቻ፣ ድስት ለብቻ፣ ጨው እንኳ አንዋዋስም። በረንዳው፣ አግዳሚው፣ ጥላውና የእጅ ውሃው ግን አንድ ነው። ሾፌሩ መጥቶ ግቢውን ዞሮ አየ። «እህ» አለ። «እስከ ፋሲካ ልሞክራችሁ። ሰው ከጠፋብኝ ሂርና ነኝ።»

እሱም ፋሲካ፣ ወንድሜም ፋሲካ!

መጀመሪያ አውቶቡሱ በራችን ላይ የቆመ ቀን ተቻኩዬ ወጥ ደፋሁ። ሰው ወረደ፤ እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ ሆነን «ክርስቲያን በዚህ! እስላም በዚያ!» እንላለን። ሁሉም በላ። ሾፌሩ አፉን ጠራርጎ ወጣና አንዴ ክላክስ አደረገ፤ ሁሉም ብድግ አለ። አንድ ሰው አልጠፋም። ከዚያ የጭነት መኪናዎቹም መቆም ጀመሩ፤ እሱ የቆመበት ሌላውም ይቆማላ። አትጣሉም ነበር ወይ ለሚለኝ፣ መጣላት ነው እንጂ! ጭሷ ወደኔ ይመጣል፣ እጣቢዬ ወደ እሷ ይፈሳል፣ ዶሮዎቿ እህሌን ይለቅማሉ። ጠዋት ተኳርፈን፣ ክላክስ ሲሰማ ታርቀን ነው።

እናቴ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ትል ነበር። እኔም ሁለት ባላ ተከልኩ ብዬ ልቤ አበጠ። ሁዳዴ እየመጣ ነው፤ የኔ ሥጋ ይቆማል። ይቁም! ያኔ የሷ ፍየል ይይዘናል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ምን ይነገራል፣ የታወቀ ነገር ነው ብዬ።

የቅበላው እሑድ ሥጋው እስኪያንገሸግሸን በላንና ድስቶቼን አጥቤ ደፋኋቸው። እጄን እያደረቅሁ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። «በይ፣ ከነገ ጀምሮ በረንዳው ሙሉውን ያንቺ ነው። እስከ ፋሲካ አንቺ ትይዢናለሽ» አልኳት።

ሩዝ ትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ። «እኔ?» አለች። «እኔ ምን ልይዝ? ጨረቃዋ እኮ በዚህ ሳምንት ናት! ረመዳን ሲገባ አንቺ ትይዢናለሽ ብዬ ፍየል የሚያመጣልኝን ሰውዬ አሰናብቼዋለሁ! ወላሂ!»

ተያየን። መጀመሪያ ሳቅን፤ እሷ እስክታስላት፣ እኔ ሆዴን እስክይዝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

አጥር ለአጥር ኖራችሁ እንዴት አልተዋወቃችሁም ትሉኝ ይሆናል። ባለፈውም ዓመት ጾሞቹ ተገናኝተው ነበር ለካ። ግን ያኔ የሷ ጾም የሷ፣ የኔም ጾም የኔ ነበር፤ ጓዳዋ ቢጦም ምን አገባኝ? የነሱ ጾም በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እንደሚመጣ እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። እሷም የኛ ጾም ሥጋና ቅቤ ብቻ የሚከለክል መስሏት ኖሯል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ እንደማንቀምስ አታውቅም። እናቴም ሁለቱ ባላ ባንድ ሳምንት ሲሰበር ምን ላይ እንደሚንጠለጠሉ አልነገረችኝም።

ሰኞ አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየንና «ለማን ብዬ ልቁም? እኔም ጿሚ ነኝ!» ብሎ አቧራውን አልብሶን አለፈ። ማክሰኞም አለፈ። ሐሙስ ረመዳን ገባ፤ ያን ቀን ጭራሽ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። እኔና ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ቆመን አቧራው እስኪወርድ እናየዋለን። ከተማው ሳቀብን። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ባየን ቁጥር «እነዚያ ሁለቱ ብልጦች!» ይላል። የሆነ ነገር በጥርሴ ይዤ ብነክሰው ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱን እጠርጋለሁ፣ የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ፤ ወንበር ከዚህ አንሥቼ እዚያ አደርጋለሁ። ጎረቤቴ «ተቀመጪ፣ ራሴን አዞርሽው» ትለኛለች። ፋሲካ ወደኔ እየመጣ እንዴት ነው የምቀመጠው?

«ለመሆኑ መንገደኛ መብላት ይፈቀድለታል አላልሽኝም?» አልኳት አንድ ቀን ተናድጄ። «ታዲያ ሰዎችሽ ለምን አይበሉም?»

«በሰው ፊት? አንቺስ ብትታመሚና ቄሱ ብይ ቢሉሽ፣ ገበያ መሀል ቆመሽ ትበያለሽ?»

እውነቷን ነው። አልበላም።

የዚያን ዕለት ወደ ማታው ለራሷና ለልጆቿ ማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠብስ ደረስኩ። ከዐረቡ ባለሱቅ ሚስት የተማረችው ነው። ሽታው ጠራኝና ጠጋ አልኩ።

«ምን አለበት ውስጡ?»

«ምስር። ሽንኩርት። ቃሪያ።»

«ሥጋስ?»

«ሥጋ ከየት አባቴ ላምጣ? ሰውዬውን አሰናበትኩት አላልኩሽም?»

ቆሜ ቀረሁ። ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት። ይሄ እኮ የኛ የጾም ምግብ ነው! የነሱም ማፍጠሪያ ነው! ሁለት ጓዳ ያስከፈተን፣ ሁለት ቢላ ያስገዛን፣ ሰውን በግራ በቀኝ ያስቆመን ሥጋ ብቻ ነበር ለካ። እሱ ከሌለ ባንድ ድስት ብንሠራ ማን ምን ይለናል? ደግሞም እኛ ጋ ቀትር ላይ የማይበላ ሰው ዘጠኝ ሰዓት አሰቦት ላይ ይበላል፤ እስላሙም ፀሐይ ስትገባ አዋሽ ላይ ያፈጥራል። ምግቡን በረንዳዬ ላይ ካልበሉልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ እንጂ፣ ይዘውት ቢሄዱ ምን ገደደኝ?

«ድስትሽ ግን ሥጋ ያውቃል» አልኳት። «የኔም ያውቃል።»

ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ትልቅ አዲስ የብረት ድስት ገዛን። የፈረሰው አጥር ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ ሦስት ጉልቻ አኖርንና ጣድነው። «በዚህ ድስት ሥጋ አይገባም» አልኩ። «ያንቺም፣ የኔም።» እሷ «አሚን» አለች፤ እኔም «አሜን»። መጠቅለያውን ከጫት ነጋዴዎቹ ሠረቅነው፤ እነሱ ጫቱ እንዳይጠወልግ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉት የለ? እኛም ሳምቡሳውን ከዳቦ ጋር እንደዚያው ጠቅልለን በልጥ አሰርነው።

አሁን የቀረው ሾፌሩ ብቻ ነው። እሱ እንደሆነ አይቆምም።

ሰኞ ቅርጫቴን ተሸክሜ መንገዱ መሀል ገብቼ ቆምኩ። ክላክሱን አስጮኸው፤ ንቅንቅ አላልኩም። «በሕግ አምላክ!» አልኩ በሙሉ ድምፄ። «በሕግ አምላክ፣ ይቁሙ!» ያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ሾፌርም ቢሆን ይቆማል። ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ አንገቱን አወጣ።

«እኔን? በሕግ አምላክ? ምን ሠረቅሁሽ?»

«ተሳፋሪ!» ብዬ ከነቅርጫቴ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። እስኪያስወርደኝ አልጠበቅሁትም፤ ከኋላ ሄጄ ሁለት ሴቶች መሀል ተሸጎጥኩ። ሲያጉረመርም ሚኤሶ ደረስን።

መጀመሪያ ማንም አልገዛኝም። አንድ ሽማግሌ ቅጠሉን ገልጠው አሸተቱና «ማነው የጠበሰው?» አሉኝ። «ክርስቲያን ነው እስላም?»

«አባባ፣ ምስር መቼ ክርስትና ተነሣች?» አልኳቸው። አውቶቡሱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልገዙም።

አሰቦት ስንደርስ ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ከፊት ወደ ገዳሙ የሚሄዱ አንድ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር። ፀሐይዋን አዩ፤ ጥላቸውን አዩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። «እስቲ ከዚያ አንዱን ወዲህ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። አማተቡና ቅጠሉን ፈተው በሉ። በቃ! ሽማግሌውም፣ ሴቶቹም፣ ከኋላ ያለውም «ለኔም! ለኔም!» ሆነ። እስላሞቹ ደግሞ «ለማፍጠሪያችን» እያሉ ቅጠሉን ሳይፈቱ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ቅርጫቴ ባዶ ሆነ። ወርጄ በዚያ ንዳድ ሽቅብ የሚመጣ መኪና ስጠብቅ ሾፌሩ ጠራኝ።

«ከነገ ወዲያ ስመጣ እንዳትሳፈሪ። በመስኮት አቀብዪ፤ ለአፍታ እቆምልሻለሁ።» ይህን ብሎ እጁን ዘረጋ። ለሱ ብዬ ያስቀረሁትን ድርሻ በነፃ ሰጠሁት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

በጨው ጭነት ላይ ተቀምጬ አሰበ ተፈሪ ስገባ ጎረቤቴ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ሞተሽ ነው ብዬ!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ።

እንዲህ ሆነና የመስኮቱ ገበያ ተጀመረ። ግን ከተማችን ሥራ ስታይ ትተኛለች እንዴ? ሳምንት ሳይሞላ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለችው ሴት ቅርጫት ይዛ ቆመች። ቀጥላ እህቷ። ከዚያ ብርቱካን፣ ሸንኮራ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች። የሙዝ ቅጠል ብቻ ከቆላ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ተነሣ። አውቶቡስ ሲመጣ መንገዱ ዳር ሠርግ ይመስላል። «ሌቦች! የኔን ሥራ!» ብዬ ስጮኽ ጎረቤቴ «አንቺስ ቅጠሉን ከማን ሠረቅሽ?» ትለኛለች።

እኔን ያብከነከነኝ ግን ሌላ ነበር። የነሱ ጾም ከኛ ቀድሞ ይፈታል። ኢድ ሲወጣ ሥጋዋን ትጥዳለች፤ መንገደኛ ሥጋ ካገኘ ምስር ምን ያደርግለታል? ደግሞም እሷ በዚያው ቅርጫት የሥጋ ሳምቡሳ ከሸጠች፣ ክርስቲያኑ የኔን ምስር መች ያምናል? ልጠይቃት አፌ ላይ እየመጣ ይመለሳል። ሌሊት ሌሊት እገላበጣለሁ።

ኢዱ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጉልቻው ስሄድ ቀድማኝ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ፍየሉስ?» አልኳት።

«የምን ፍየል?»

«ጾምሽ ተፈታ አይደል እንዴ!»

«ያንቺ አልተፈታም» አለችና ሰፌዱን ወደኔ ገፋችው። «ልቀሚ። አሥሬ አትቁሚብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ፤ ምስሩ ግን በዕንባ አልታየኝም። እስከ ፋሲካ ግቢው ውስጥ ሥጋ አላበሰለችም። የጫት ነጋዴዎቹ «ምነው?» ሲሏት «ፍየል ተወደደ» ትላለች።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ወንድሜ በቡና መኪና መጣ። በግ ይዞልኛል። በረንዳው ላይ ቆመና እንደ ወትሮው አግዳሚዎቹን አያቸው፤ የሙዝ ቅጠል ተከምሮባቸዋል።

«ሰው የታለ?»

«በመስኮት ነው የምንሸጠው፣ ጋሼ። በረንዳ ቀርቷል።»

ዞር ብሎ የከፈትነውን አጥርና መሀሉ ላይ የተጣደውን ድስት አየ። «ገለምሶ ድረስ ይወራል» አለ። «እህትህ ከእስላም ጋር ባንድ ድስት ትሠራለች ይሉኛል።»

«አንተስ ቡናውን ከማን ነው የምትገዛው?»

«ቡና ሌላ ነው!»

«ምስርም ሌላ ነው!»

ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ቀጥሎ የተናገረውን አልጠበቅሁም። «ስሚኝ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ለመጋዘኑ ሌላ ቤት ልፈልግ። ይሄን ለአንቺ ልተውልሽ። አጥሩን ዝጊው፣ በጉን አርደን ነገ ቤቱን የክርስቲያን ምግብ ቤት አድርገሽ ክፈቺ። የኔ መኪናዎች እዚህ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹም ጫኞቹም እዚህ ይበላሉ። ባዶ አይሆንብሽም።»

ያለው እውነት ነበር፤ ማድረግም ይችላል። ቤቱን ደግሞ እንዴት እንደምፈልገው እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ የሠራው በረንዳ፣ እኔ ቀለም የቀባሁት በር። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ግቢ አየሁ። ጎረቤቴ ጀርባዋን ሰጥታን እሳት ትቆሰቁሳለች፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ አልዞረችም።

ገብቼ ልብሴን በነጠላ ቋጠርኩ። ጨርቅ አጥፌ የድስቱን ጆሮ ያዝኩና አነሣሁት፤ ከባድ ነበር፣ ገና ትኩስ ነው። ይዤው በቀዳዳው ወደ ማዶ አለፍኩ።

«አጥሩን አንተ ዝጋው፣ ጋሼ» አልኩት።

ዘጋው። ያንኑ ዕለት በእሾህ፣ በገዛ እጁ።

የፋሲካ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከእሾሁ ማዶ የበግ ጥብስ ይሸታል። ወንድሜ «ትምጣና ትፈስክ» ብሎ ሰው ላከ። ኩራቴ አልሄድ አለኝ፤ አንጀቴ ግን ይጮኻል። በዓሉን ያለ ፍስክ ልውል ነው ብዬ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ስገባ፣ በሩ ሥር ቀይ ዶሮ እግሯን ታስራ ተቀምጣለች። ከጎኗ አዲስ የሸክላ ድስት፤ በላዩ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር።

«ቢላ ነው» አለች ጎረቤቴ። «አዲስ ነው፣ ምንም አልነካም። ሸክላውም ለዶሮዋ ነው፤ ትልቁን እንዳትነኪው። አራጅ ግን እኔ የለኝም፤ ክርስቲያንሽን ፈልጊ።»

አራጄ ለበዓል አገሩ ገብቷል፤ ሌላ የማውቀው ቅርብ ክርስቲያን ወንድ ከእሾሁ ማዶ ነው። እሱን አልጠራም! ዶሮዋን ታቅፌ መንገድ ላይ ወጥቼ ሳመነታ ቀትር ሆነ፤ ክላክስም ሰማሁ። በፋሲካ ቀን ሥራ ገብቶበት ቀንዱን አሹሎ የሚመጣ ሾፌር። መሀል መንገድ ገባሁ።

«በሕግ አምላክ!»

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ዶሮ ይረዱልኝ።»

እኔን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ እሾሁን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ሁሉ ሁዳዴ አንድ ቀን ሞተር አጥፍቶልኝ አያውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ፤ ቢላውን ከወረቀቱ አወጣ፤ «በስመ አብ» ብሎ አረደልኝ። እስላሞቹ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ፤ ወንድሜም ከእሾሁ በላይ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ጎረቤቴ ውሃ አምጥታ ሾፌሩን እጁን አስታጠበችው።

«ድርሻዬን አስቀምጪ» አለኝ ወደ መሪው ሲመለስ።

በሳምንቱ የአባቴ ቤት ቡና ገባበት። እኔና እሷ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ፋሲካና ስንት ኢድ በዚያ ግቢ አሳለፍን፤ ሥጋ በየድስታችን፣ ትልቁ ድስት ለብቻው። የሾፌሩን ድርሻ በማግስቱ ሲመለስ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ በመስኮት አቀበልኩት። አልከፈለም፤ ሾፌር መቼ ከፍሎ ያውቃል።